ዝገት የበላው ፔጆ በድሬ ግቢ

ድሬዳዋ ላይ ብረት የሚሠራ ሰው ፀሐይን መቅደም አለበት። ረፋዱ ካለፈ በኋላ ደጅ የቆመ መኪና ኮፈን እጅ አያስነካም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከተማዋ የራሷ ሰዓት አላት፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ መዶሻ ማሰማት ነውር ይመስላል። ስለዚህ በከዚራም ይሁን በሳቢያን፣ ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና ፈትቶ የሚታገል ሰው ሥራውን የሚጀምረው ገና በማለዳ፣ በድሬዳዋ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። በሮቹ ተነቅለው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ መቀመጫዎቹ በረንዳ ላይ ወጥተዋል፤ ብሎንና ዳዶው በየጣሳው ተለይቶ ተቀምጧል። መሃል ላይ የቀረው ባዶ አካል ለምሥራቅ ሰው ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም። ከኋላ ሾል ያሉት ጠርዞቹ ብቻ ፔጆ 404 መሆኑን ይናገራሉ።

ሐረርንና ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን መኪና ከታክሲነት ለይቶ ማሰብ ይቸግረዋል። አዲስ አበባ በፊያት ሴይቼንቶ፣ ኋላም በላዳ ስትመላለስ፣ ምሥራቁ ፔጆን ለታክሲነት መርጦ ለአሥርታት አብሮት ኖረ። ሐረር ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው 404 ከጀጎል በሮች ጋር አብሮ የሚነሳ የከተማ ምልክት ሆነ፤ የውጭ አገር ጎብኚዎችም ከጅቡ ትርኢት እኩል ካሜራቸውን አነጣጠሩበት። ከዚያ ባጃጅ መጣ። ነዳጁ ትንሽ፣ ዋጋው ቀላል፣ ጠባብ መንገድ የማይፈራ ነበርና ጎዳናውን ወሰደ። ብዙ ፔጆዎችም ከመንገድ ወጥተው ግቢ ገቡ፤ ሸራ ለበሱ፤ የዶሮ ማደሪያ የሆነም አልጠፋም።

እነዚህን ከግቢ መልሶ ማውጣት ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። ግን ብዙ ሰው ከሚጀምርበት ቦታ፣ ማለትም ከቀለም ቤት፣ አይደለም የሚጀመረው።

መኪናውና ከተማው

ፔጆ 404 ለሕዝብ የታየው በግንቦት 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) ፓሪስ ላይ ነው። አካሉን የነደፈው የቱሪኑ የፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን፣ ዋና ማምረቻው በምሥራቅ ፈረንሳይ የሚገኘው የሶሾ ፋብሪካ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ፈረንሳይ ውስጥ ተመረተ፤ ፒክአፑ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ እስከ 1991 ድረስ ይገጣጠም ነበር። በዓለም ዙሪያ የተሠራው ቁጥር ከ2.8 ሚሊዮን ይበልጣል።

ለአፍሪካ መንገድ መፈተኛው ግን ሽያጩ ሳይሆን የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ውድድር ሆነ። 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ አሸነፈ። በ1963ቱ ውድድር ከተነሱት 84 መኪናዎች መጨረሻው ላይ የደረሱት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ከሰባቱ ቀዳሚው ይኸው ፔጆ ነበር። ጭቃ፣ ድንጋይና አቧራ የማይበግረው መኪና የሚል ስሙ የተተከለው በዚያ ዘመን ነው።

ድሬዳዋም ለእንዲህ ያለ ማሽን ባይተዋር አልነበረችም። ከተማዋ የተወለደችው ከባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ጣቢያው፣ የሠራተኛው መንደርና ቀጥ ቀጥ ያሉት የከዚራ ጎዳናዎች በቀሉ። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የባቡሩ ዋና የጥገና ወርክሾፕ ግን ድሬዳዋ ቀረ። እዚያ ቶርኖ የሚያሽከረክር፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ የጠፋን መለዋወጫ ከጥሬ ብረት ቀርጾ የሚያወጣ፣ ከፈረንሳዮች ጋር በፈረንሳይኛ የሚግባባ የሠራተኛ ትውልድ ኖረ። ጅቡቲ እስከ 1969 ዓ.ም. በፈረንሳይ እጅ ስለነበረች፣ የፈረንሳይ ዕቃ ወደ ድሬ የሚገባበት በር ቅርብ ነበር። መኪናውን የሚያመጣው መንገድና የሚጠግነው እጅ አንድ ከተማ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ማግኔቱ ይቅደም

የድሬዳዋ አየር ለብረት ደግ ነው። ዝገት የሚፈጠረው ብረት ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ነው፤ አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር ሥራው ይዘገያል። ለዚህም ነው አውሮፓ ላይ በጨዋማ የክረምት መንገድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ቆርቆሮ እዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚቆመው። ነገር ግን ደረቅ አየር የሚያታልልበት ቦታ አለ። ዛፍ ሥር የቆመ መኪና ላይ የሚረግፈው ቅጠል ከፊት መስተዋቱ ግርጌ ባለው የውኃ መውረጃ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የነፋሱ ደቃቅ አቧራ በበሩ ሥር ባለው ባዶ ሣጥን ውስጥ ይከማቻል። አንድ ጊዜ ዝናብ ወይም የመኪና እጥበት ውኃ ካገኘው እርጥበቱን ለቀናት ይይዘዋል። ከጅቡቲ ዳርቻ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ የባሕሩን ጨው ይዞ መጥቷል፤ ጨው እርጥበትን ይስባል፣ ዝገቱንም ያፋጥናል።

404 ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተበይደው አንድ ላይ ክብደቱን የሚሸከሙ ናቸው። ስለዚህ በበሩ ሥር ያለው ሣጥን ሲበሰብስ ያጣነው ውበት ብቻ አይደለም፤ የመኪናው አጥንት ነው የተበላው። የፊቱ ሞላና አሞርቲዘር ከላይ የሚታሰርበት የኮፈኑ ውስጥ ግድግዳም እንዲሁ ነው። እዚያ ላይ ዝገት ካለ መኪናው በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሊከዳ ይችላል።

የምርመራው መሣሪያ ርካሽ ነው፤ አንድ ትንሽ ማግኔትና አንድ ካቻቢቴ ይበቃል። ማግኔቱ በቀጭን ጨርቅ ተጠቅልሎ በአካሉ ላይ ሲንሸራተት፣ ብረት ባለበት ይጣበቃል፤ በስቱኮ በተሞላ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል። ለዓመታት ታክሲ የነበረ ፔጆ ላይ ይህ ሙከራ ብዙ ጊዜ አስደንጋጭ ነው፤ ከውጭ ለስላሳና አንጸባራቂ የነበረው የጎን አካል ግማሹ ስቱኮ ሆኖ ይገኛል። ካቻቢቴው ደግሞ ከሥር ነው የሚሠራው። ምንጣፉ ተነስቶ፣ የባትሪው ማስቀመጫና የኋላ ዕቃ ቤቱ ወለል ተገልጦ፣ ብረቱ ጠበቅ ተደርጎ ይወጋል። ካቻቢቴው ካለፈ ያ ቦታ ይቆረጣል።

ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው ሒሳብ የሚሠራው። ወለሉ፣ የበሩ ሥር ሣጥኖችና የሞላው ማሰሪያ ሦስቱም ከሄዱ፣ መኪናው ለሌላ ፔጆ መለዋወጫ ቢሆን ይሻላል። አንዱ ወይም ሁለቱ ከሆኑ ግን ሥራው ያዋጣል።

ዝገቱን ከብረቱ ማላቀቅ

ትልልቁ አካል በሽቦ ብሩሽ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በመፍጫ ይጸዳል። ለመፈግፈግ የማይመቹ ትንንሽ ዕቃዎች፣ ማለትም የበር ማጠፊያ፣ የፍሬን ፔዳል፣ ብሎንና ቅንፍ፣ ሌላ ዘዴ አላቸው። በግቢ ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ማጽዳት ነው። አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ውኃ ይሞላል፤ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟበታል። ይህ ካልተገኘ የዳቦ ቤኪንግ ሶዳን ምጣድ ላይ በደንብ በማጋል መተካት ይቻላል፤ በሙቀት ወደዚያው ሶዳ ይለወጣል። የዛገው ዕቃ ከባትሪ ቻርጀሩ ኔጋቲቭ ጋር፣ ተራ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ታስረው ሳይነካኩ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላሉ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀዩ ዝገት ተላቆ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል፤ ጤነኛው ብረት አይነካም።

ጥንቃቄው ግን ከዘዴው አይለይም። ከውኃው የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ እንጂ ክፍል ውስጥ አይሠራም፤ አጠገቡ ሲጋራም ከሰልም አይቀርብም። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት መጠቀም ክልክል ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ክሮሚየም መርዛማ ነው። ጨው አይጨመርም። የአሉሚኒየም ዕቃም አይነከርም።

ከባልዲው የወጣ ብረት ዕራቁቱን ነው፤ ወዲያው ካልደረቀና ፕራይመር ካልተቀባ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ቀይ ይሆናል። የድሬ ፀሐይ ለአንድ ጊዜ የሚመሰገነው እዚህ ላይ ነው። ሌላ አማራጭ የሚፈልግ ፎስፈሪክ አሲድ ያለበትን የዝገት መድኃኒት ይጠቀማል፤ አሲዱ የቀረውን ስስ ዝገት ወደ ጥቁር ፎስፌት ይለውጠዋል። በወፍራሙና በሚፈረፈረው ዝገት ላይ ግን አይሠራም። ከላይ ቀብተው ቢተውት ከሥር መብላቱን ይቀጥላል።

ብየዳው

የመኪናው ላሜራ ወፍራም አይደለም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለበርና ለመስኮት ፍርግርግ የለመደ በያጅ በተለመደው ኤሌክትሮድ ሲነካው ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ ያሰፋዋል። የኦክስጅን ብየዳ ወይም በሽቦ ጥቅል የሚሠራው ቀጭን ብየዳ ይመረጣል። እሱም ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ አይሄድም፤ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። ነጥብ እዚህ፣ ነጥብ እዚያ እየተጣለ፣ እስኪበርድ እየተጠበቀ ነው የሚያያዘው።

ከዚህ በፊት ግን አካሉ መደገፍ አለበት። የበሩ ሥር ሣጥን ተቆርጦ ሲወጣ መኪናው ወገቡ ላይ ሊጎብጥ ይችላል፤ ጎብጦ ከተበየደ በኋላ በር አይዘጋም። ልምድ ያለው ላሜሪስት አንዱን ጎን ጨርሶ ሌላውን ይነካል፤ በሩን እየገጠመም ክፍተቱን ይለካል። ድጋፉ ጠንካራ እንጨት ወይም የብረት እግር መሆን አለበት። ክፍት ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረከሳልና ሰው ከሥሩ በሚተኛበት መኪና ላይ አይደገፍም። ባትሪው ይፈታል። የነዳጅ ታንከሩም ይወርዳል፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው የባሰ ነው፤ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ነውና።

ሞተር፣ ውኃና ደንገጎ

የ404 ሞተር 1,618 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን 45 ዲግሪ ወደ ጎን ተኝቶ ተቀምጧል። ለግቢ መካኒክ ወዳጅ ያደረገው ግን ካናው ነው። ፒስቶኑ የሚመላለስበት ካና ከሞተሩ አካል ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ አይደለም፤ ወጥቶ የሚለወጥ፣ ዙሪያውን በቀጥታ በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። ሞተሩ ሲያልቅ ወደ ትልቅ ወርክሾፕ ወስዶ ማስፋት አያስፈልግም፤ አሮጌው ካና ከነፒስቶኑ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ የሥሩ ማተሚያና የቴስታታው ጋርኒሲዮን ይለወጣል።

ለዓመታት የቆመ ሞተር በስታርተር አይፈተንም። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ይንጠባጠባል፤ ለቀናት ይተዋል። ከዚያ በማኖቤላ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ፋብሪካው በእጅ የሚነሳበትን ቀዳዳ ከፊት በኩል ትቶለታል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም በገርነት ካልተንቀሳቀሰ ጉልበት አይጨመርበትም፤ ቴስታታው ይከፈታል።

ከኋላ በኩል አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የ404 ዲፈረንሲያል ከብዙ መኪና የተለየ ነው፤ በብረት ጠመዝማዛ የሚዞር የነሐስ ጥርስ አለው። ለእሱ የተዘጋጀው ዘይት መሠረቱ የጉሎ ዘይት ነበር። ለከባድ መኪና የሚሸጠው፣ ድኝ ያለበት የካምቢዮ ዘይት ነሐሱን ይበላዋል። ብዙ ጤነኛ ዲፈረንሲያል የሞተው በዝገት ሳይሆን ተሳስቶ በተጨመረ ዘይት ነው።

የድሬ ፔጆ ትልቁ ጠላት ግን ከቧንቧ ይወርዳል። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ በካልሲየም የከበደ ነው፤ ጀበናና ማሰሮ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲሠራ ያላየ የድሬ ሰው የለም። ያው ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይሠራል፤ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል፣ በካናው ዙሪያ ይጋገርና ሙቀቱን ያፍናል። ስለዚህ የታደሰ ሞተር ውስጥ የተጣራ ውኃና ፀረ ዝገት ይጨመራል እንጂ የቧንቧ ውኃ አይገባም።

ፔጆው ቬንትሌተሩን ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሮማግኔት የሚያያይዝ ነበር፤ በዘመኑ ብልህ የተባለ፣ ነዳጅም የሚቆጥብ አሠራር ነው። አንዲት ሽቦ ከተበጠሰች ግን ቬንትሌተሩ ቆሞ ይቀራል። ይህ ስህተት በከዚራ ሜዳማ ጎዳና ላይ ላይታወቅ ይችላል። የሚታወቀው ወደ ሐረር ሲወጣ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ የደንገጎ ዳገት ግን በአጭር ርቀት ከ2,000 ሜትር በላይ ያወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ነፋስ ሳያገኝ ይወጣል፤ ራዲያተሩ ካልጸዳና ቬንትሌተሩ ካልሠራ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ይተነፍሳል። የድሬዳዋ ፔጆ ድኗል የሚባለው ደንገጎን ሳይፈላ ሲወጣ ነው።

ምን ዓይነት ቀለም?

ቀለም በማለዳ ይረጫል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ቲነሩ ቀለሙ ሳይተኛ ይተናል፣ ገጹም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። አቧራ እንዳይነሳ ግቢው ቀድሞ ይረጠባል።

ከአረጫጨቱ ይልቅ የሚያከራክረው ግን የቀለሙ ምርጫ ነው። አንዳንዱ ባለቤት መኪናውን ከሶሾ እንደወጣ ማየት ይፈልጋል፤ ታክሲነቱን እንደ እድፍ ቆጥሮ ያጥበዋል። የአሮጌ መኪና ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚመራበት የቱሪን ቻርተር ግን የመኪናው ታሪክ ፋብሪካው በር ላይ እንደማያበቃ ያስተምራል፤ በአገልግሎት ዘመኑ ያገኘው ለውጥም የታሪኩ ክፍል ነው። ፌዴሬሽኑ ታሪካዊ ለሚለው መኪና የሚጠይቀው ዕድሜ 30 ዓመት ነው። ግራጫ 404 ፈረንሳይ ውስጥ ሞልቷል። ሰማያዊና ነጭ ለብሶ ከሐረር ሴቶች ዘንቢልና ከድሬ ነጋዴ ጆንያ ጋር የኖረው ግን እዚህ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ፔጆ ያለው ሰው አንዱን ወደ ፋብሪካ መልኩ ቢመልስ ማንም አይከሰውም፤ አንድ ብቻ ያለው ግን የታክሲ ቀለሙን ባይፍቅ ይመረጣል።

መለዋወጫው ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከሞቱ ፔጆዎች፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እና ከቶርኖ ቤት። አራተኛ ምንጭ መጠበቅ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪ ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። ከዚህ በኋላ ሌላ 404 ከውጭ አይመጣም ማለት ነው። አገር ውስጥ ያለው ፔጆ የመጨረሻው ፔጆ ነው፤ በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ማቅለጫ የሚሸጥ እያንዳንዱ አካልም ሌሎቹን ሊያድን የሚችል በር፣ መስተዋትና ዲፈረንሲያል ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የከተማው አስተዳደርና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ድርሻ አላቸው። የአገሪቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽ ቅርስን ያካትታል። ድሬዳዋና ሐረር በየግቢው ያሉትን 404ዎች ቢቆጥሩ፣ ጥቂቶቹን ቢመዘግቡና በአሮጌው የባቡር ወርክሾፕ ለወጣቶች የላሜራና የሞተር ሥልጠና መማሪያ ቢያደርጓቸው፣ ወጪው ከአንድ የከተማ ሐውልት አይበልጥም።

እስከዚያ ግን ሥራው የባለቤቱ ነው። ግቢህ ውስጥ ፔጆ ካለ ዛሬ ምንጣፉን አንሳና ወለሉን እይ፤ የተጠቀጠቀውን ቅጠልና አቧራ አውጣ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንሳ፤ ሊብሬውንም ከዝናብና ከምስጥ በሚጠበቅበት ቦታ አስቀምጥ። ላሜራውን መበየድ፣ ካናውን መለወጥ፣ ቀለሙን መርጨት በሚቀጥለው ዓመትም ይደርሳል። ሊብሬ የሌለው መኪና ግን ምንም ቢታደስ ቦሎ አያገኝም፤ ቦሎ ከሌለው ደግሞ መንገድ ላይ አይወጣም።